ሞደሙ ተሰክቷል፣ ሊኑክስ ግን ዝም ብሏል፦ ድራይቨር በራሱ የሚጫነው እንዴት ነው? ሳይጫን የሚቀረውስ ለምን?

ዩኤስቢ ሞደም ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ያኔ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ «ሊኑክስ ይህን ሞደም አያውቀውም።»

አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ የጎደለው እሱን ቀስቅሶ ከሞደሙ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው። ሞደም ከተሰካበት ቅጽበት ኢንተርኔት እስኪገባ ድረስ በርከት ያሉ ስራዎች ተራ በተራ ይከናወናሉ። እያንዳንዱን የሚሰራው የተለያየ ፕሮግራም ነው። አንዱ ከቆመ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ትልቁ ስራ መጠገኑ አይደለም፤ የት ላይ እንደቆመ ማወቁ ነው። ያ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ትዕዛዝ ወይም አንድ ትንሽ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ነው።

ጉዳዩ እኛ አገር ቀላል አይደለም። ፋይበር ባልደረሰበት ሰፈር ላለ ሰው ዶንግል (ሲም የሚገባበት ትንሽ ዩኤስቢ ሞደም) ወይም ስልክ ዋናው የኢንተርኔት መስመሩ ነው። ሞደሙ ካልሰራ መፍትሔውን የሚፈልግበት ኢንተርኔትም አብሮ ይጠፋል። ወደዚህ ችግር መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

አንድ ነገር ላስታውስ። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲጻፉ ግን በላቲን ፊደል፣ ከአንድ በቀር ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ድራይቨር ከርነሉ ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ከርነል ደግሞ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ማህደረ ትውስታውን፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን፣ ሞደሙን የሚያዝዘው እሱ ነው። ሊኑክስ የሚለው ስም በጥብቅ ከተወሰደ የዚህ ከርነል ስም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሚንት የምንላቸው ይህንን ከርነል ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አዋህደው የሚያቀርቡ ስርጭቶች ናቸው።

ዊንዶውስ ላይ የለመድነው ድራይቨር ከአምራቹ በሲዲ ወይም በዳውንሎድ መምጣቱን ነው። ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይለያል። በሺዎች የሚቆጠሩ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ዲስክ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሁሉም በአንዴ ማህደረ ትውስታ ላይ ቢጫኑ ከንቱ ብክነት ስለሚሆን እያንዳንዱ «ሞጁል» በሚባል የተለየ ፋይል ተቀምጧል። ዕቃው ሲሰካ የሚመለከተው ሞጁል ብቻ ይጫናል። «ድራይቨር በራሱ ተጫነ» የምንለው ይህንን ነው።

ሞደሙ ሲሰካ ውስጥ ውስጡን ምን ይካሄዳል?

ማንኛውም ዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ማንነቱን ይናገራል። ዋናዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአምራቹ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የሞዴሉ። የሚጻፉት በአስራ ስድስት መሰረት ስለሆነ ፊደል ይቀላቀልባቸዋል። የሁዋዌ የአምራች ቁጥር 12ዲ1 ነው። የዜድቲኢ ደግሞ 19ዲ2። ዕቃው በተጨማሪ ዓይነቱን ይናገራል፦ ማከማቻ ነኝ፣ የኔትወርክ ካርድ ነኝ፣ ወይም የአምራቹ የግል ዓይነት ነኝ ይላል።

ከርነሉ ይህንን ሁሉ አንድ ረጅም መስመር ላይ ያሰፍርና «እንዲህ ያለ ዕቃ መጥቷል» ብሎ ያውጃል። የእድር ጡሩምባ ነፊ ሰፈር ውስጥ ዞሮ ሲለፍፍ ስራው ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ድንኳን የሚተክለው ሌላ ነው፣ ወንበር የሚያመጣው ሌላ ነው። ከርነሉም እዚህ ላይ የሚያደርገው ማሳወቅ ነው። የሚሰማው «ዩዴቭ» የሚባል ፕሮግራም ነው። ዩዴቭ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዛሬ በአብዛኞቹ ስርጭቶች ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው የ«ሲስተምዲ» አካል ነው።

ዩዴቭ መስመሩን ሲሰማ «ሞድፕሮብ» የሚባለውን ስራ ያስጀምራል። ሞድፕሮብ አንድ መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ ውስጥ «ይህን ቁጥር የያዘ ዕቃ ከመጣ ይህን ሞጁል ጫን» የሚሉ ብዙ ሺህ መስመሮች አሉ። ይህንን መዝገብ የሚያዘጋጀው «ዴፕሞድ» የሚባል ሌላ ትዕዛዝ ነው፤ ከርነል በተጫነ ወይም በተዘመነ ቁጥር ይሰራል። መስመሩ ከተገኘ ሞጁሉ ይጫናል። ካልተገኘ ደግሞ ምንም አይሆንም።

ይህ «ምንም አይሆንም» የሚለው ነው ሰውን የሚያደናግረው። የስህተት መልዕክት ስክሪን ላይ ብቅ አይልም። ስርዓቱ ዕቃውን አይቷል፣ ቁጥሩን መዝግቧል፣ የሚስማማ ድራይቨር ስላላገኘ ዝም ብሏል።

ሌላም አለ። አንድ ዶንግል ውስጡ ሲታይ አንድ ዕቃ አይደለም። የሞደም ትዕዛዝ የሚቀበል ክፍል፣ የምርመራ ክፍል፣ የኔትወርክ ክፍል፣ አንዳንዴም የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ አለው። ከርነሉ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ያስታውቃል፤ ለእያንዳንዱ የሚፈለገው ድራይቨር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያው እየሰራ ሞደሙ ላይሰራ ይችላል።

ታዲያ ሞደሙ ለምን ሲዲ ሆኖ ይታያል?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

የ3ጂ እና የ4ጂ ዶንግል አምራቾች ገዢው ሲዲ ፍለጋ እንዳይንከራተት የዊንዶውሱን ፕሮግራም ሞደሙ ውስጥ አስቀመጡት። ሞደሙ መጀመሪያ ሲሰካ ራሱን እንደ ሲዲ ያስተዋውቃል። ዊንዶውስ ሲዲውን ከፍቶ ፕሮግራሙን ይጭናል። ከዚያ ፕሮግራሙ ለሞደሙ አንድ አጭር መልዕክት ይልካል፦ «አሁን ሲዲነትህን ተውና ሞደም ሁን።» ሞደሙ ከዩኤስቢው የተነቀለ ያህል ይጠፋና በሌላ የሞዴል ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ይህ አሰራር «ዜሮ ሲዲ» በሚል ስም ይታወቃል።

ሊኑክስ ላይ ያ የዊንዶውስ ፕሮግራም የለም። መልዕክቱን የሚልክ ከሌለ ሞደሙ ሲዲ ሆኖ ይቀራል። የፋይል ማሳያው ሲዲውን ይከፍታል፣ ውስጡ የዊንዶውስ ፋይሎች ይታያሉ፣ ሞደም ግን የለም። ከርነሉ አልተሳሳተም። «ሲዲ ነኝ» ተባለ፤ የሲዲ ድራይቨር ጫነ።

ይህንን ክፍተት የሚሞላው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ፕሮግራም ነው። ጆሱዋ ዲትሰ ነው የጻፈው። ከፕሮግራሙ ጋር «ዩኤስቢ ሞድስዊች ዳታ» የሚባል ፓኬጅ አለ፤ የትኛው ሞደም ምን ዓይነት መልዕክት እንደሚፈልግ የሚዘረዝር ነው። ሁለቱም ሲኖሩ ስራው ሳይታይ ያልቃል። ሞደሙ ሲሰካ ዩዴቭ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ ሞድስዊችን ይጠራል፣ መልዕክቱ ይላካል፣ ሞደሙ ይቀየራል።

ለምሳሌ በርካታ የሁዋዌ ዶንግሎች ሲዲ ሆነው ሲመጡ የሞዴል ቁጥራቸው 1446 ነው። ከተቀየሩ በኋላ ብዙዎቹ 1001 ይሆናሉ፤ ሌሎቹ 1506 ወይም ሌላ ቁጥር ይይዛሉ። የዜድቲኢ በርካታ ሞዴሎች ደግሞ በ2000 ይጀምሩና ወደ 0031 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር ይለወጣሉ። የዜድቲኢዎቹ መልዕክት ሲዲ ለማስወጣት ከሚላከው ተራ ትዕዛዝ ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ሲዲውን በማውዝ «አስወጣ» ሲለው ሞደሙ ድንገት የሚነሳለት።

ስለዚህ ሞደማችሁ ሲዲ ሆኖ ከታየ ስለ ሞደም ድራይቨር ገና አታስቡ። እዚያ ደረጃ ላይ አልተደረሰም። መጀመሪያ ሞድስዊች መጫኑን አረጋግጡ። ከተጫነና ሞደሙ አሁንም ሲዲ ከሆነ ምናልባት ዳታ ፓኬጁ አሮጌ ነው፤ ያ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ሲዘመን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

የት ላይ እንደቆመ በምን አውቃለሁ?

ተርሚናል ክፈቱና ሞደሙን ሰክታችሁ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ። የተሰኩት ዕቃዎች ከነቁጥራቸው ይዘረዘራሉ። የሞደሙ ስም ወይም የአምራቹ ቁጥር ጭራሽ ከሌለ ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም። ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ ወይም ሞደሙ ራሱ ነው። ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት።

ቁጥሩ ካለ ጻፉት። የሞዴል ቁጥሩ 1446 ወይም 2000 ዓይነት ከሆነና ሲዲም ከታየ ቆሞ የቀረው ሞድስዊች ጋ ነው። ቁጥሩ ተቀይሮ ከሆነ ያ ደረጃ አልፏል።

ቀጥሎ ያንኑ ትዕዛዝ ከኋላው ክፍት ቦታ ትታችሁ «ዳሽ ቲ» ጨምራችሁ ድገሙት። አሁን ዝርዝሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይመጣል። ጠቃሚነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በእያንዳንዱ የሞደሙ ክፍል ፊት የያዘው ድራይቨር ስም ይታያል። «ኦፕሽን» የሚል ካያችሁ ትክክለኛው የሞደም ድራይቨር ይዞታል። ኦፕሽን በተባለ የቤልጂየም የሞደም ኩባንያ የተሰየመ ድራይቨር ነው፤ ዛሬ ግን የሁዋዌን፣ የዜድቲኢን እና የሌሎች ብዙ አምራቾችን ሞደሞች ያሰራል። «ድራይቨር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶ ከሆነ፣ ወይም በአዳዲስ ስሪቶች «ነን» (የለም) የሚል ካለ፣ ክፍሉን የያዘው የለም።

ሦስተኛው መሳሪያ የከርነሉ ማስታወሻ ነው። «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» የሚለው ትዕዛዝ ከርነሉ የተናገረውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያወጣል። በአንዳንድ ስርጭቶች ከፊቱ «ሱዱ» (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ትዕዛዝ) ይፈልጋል። ከሱዱው ጋር ከኋላው «ዳሽ ደብልዩ» ብትጨምሩበት እየተከታተለ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ሞደሙን ነቅላችሁ ሰኩትና ተመልከቱ። «ቲቲዋይዩኤስቢ0»፣ «ቲቲዋይዩኤስቢ1» የሚሉ ስሞች ከተፈጠሩ ድራይቨሩ ስራውን ጨርሷል። ችግር ካለ ከዚያ በኋላ ባለው ደረጃ ነው።

ማስታወሻው ላይ ሞደሙ በተደጋጋሚ ሲገናኝና ሲቋረጥ ካያችሁ የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስን ጠርጥሩ። የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት በመስፈርቱ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ሞደም ሲግናል ሲፈልግ ብዙ ይበላል። ብዙ ዕቃ የሚጋሩት ማከፋፈያ ላይ ወይም ረጅም ገመድ ላይ ከሆነ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። በድራይቨር ስም ብዙ ሰዓት የሚባክንበት ችግር አንዳንዴ ይኸው ነው።

ድራይቨሩ ተጭኗል፤ ሞደሙ ግን አልተያዘም። እንዴት ይሆናል?

መጫንና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ኤል-ኤስ-ሞድ» የሚለው ትዕዛዝ የተጫኑ ሞጁሎችን ያሳያል። ኦፕሽን እዚያ ውስጥ መኖሩ ማህደረ ትውስታ ላይ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው። ሞደሙን ለመያዝ የሞደሙ ቁጥር በድራይቨሩ የራሱ ሰንጠረዥ ውስጥ መኖር አለበት። ሰንጠረዡ ውስጥ አንዳንዱ መስመር አንድ ሞዴልን ይጠቅሳል፤ አንዳንዱ የአንድ አምራች ሰፊ ቤተሰብን በአንድነት ይሸፍናል። አዲስ ሞዴል ከሁለቱም ውጪ ከሆነ ድራይቨሩን አስራ አምስት ጊዜ ብትጭኑትም አይነካውም።

መፍትሔው ቁጥሩን ለድራይቨሩ መንገር ነው። ኦፕሽን ከተጫነ በኋላ በ«ሲስ» ማውጫ ስር «ኒው አይዲ» የሚባል ፋይል ይከፍታል። የአምራቹና የሞዴሉ ቁጥር እዚያ ሲጻፍ ድራይቨሩ ወዲያው ሞደሙን ይይዛል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በዚህ መንገድ የተነገረው ኦፕሽን የሞደሙን ክፍሎች ሳይመርጥ ሊጠቀልላቸው ይችላል፤ ለኔትወርክ ድራይቨር የሚገባውን ክፍል ጨምሮ። ለጊዜው ለመሞከር ጥሩ ነው፤ ለዘለቄታው ግን ከርነሉን ማዘመን ይሻላል። ምናልባት አዲሱ ከርነል ያንን ቁጥር በትክክል ያውቀዋል። ካላወቀው ደግሞ ቁጥሩን ለከርነሉ አዘጋጆች ማሳወቅ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የተጨመሩ ሞደሞች ብዙ ናቸው። የአንድ ሰው ጥቆማ ያንን ሞዴል ለገዛ ሰው ሁሉ ይሰራል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን የምወደው በዚህ ነው።

የቆዩ መመሪያዎች «ዩኤስቢሲሪያል» የሚባለውን አጠቃላይ ድራይቨር ከቁጥሮቹ ጋር ጫኑ ይላሉ። አትከተሉት። ያ ድራይቨር የታሰበው ለሙከራ ነው፤ ለፈጣን ኢንተርኔት አይሆንም። ኦፕሽን ባለበት ኮምፒውተር እሱን መጠቀም ፍጥነትን በገዛ እጅ መቀነስ ነው።

ሌላው ምክንያት እገዳ ነው። «ኢቲሲ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ «ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ ባለ ፋይል «ብላክሊስት» ተብሎ ስሙ የተጻፈ ሞጁል ዕቃው ቢሰካም በራሱ አይጫንም። በእጅ ሲጠራ ግን ይጫናል። በእጅ ይሰራል፣ በራሱ እንቢ ይላል የሚባል ሞጁል ሲያጋጥም ይህን ማውጫ ማየት ተገቢ ነው።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ለምን ይረሳል?

በተርሚናል የተጫነ ሞጁልም ሆነ በኒው አይዲ የተነገረ ቁጥር የሚኖረው ማህደረ ትውስታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አሰራሩ ነው።

ቋሚ የሚሆነው ለዩዴቭ ደንብ ሲጻፍለት ነው። ደንቡ «ኢቲሲ» ስር በ«ዩዴቭ» ውስጥ «ሩልስ ነጥብ ዲ» በሚባለው ማውጫ የሚቀመጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የሚለው ይህን ነው፦ የአምራች ቁጥሩ ይህ፣ የሞዴል ቁጥሩ ይህ የሆነ ዕቃ ሲጨመር ኦፕሽንን ጫን፣ ቁጥሩንም ንገረው። ከዚያ በኋላ ሞደሙ በተሰካ ቁጥር ሁሉም በራሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሄድበት ሌላ መንገድ አለ። የሞጁሉን ስም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚነበበው ዝርዝር ውስጥ ይጨምራል። ሞጁሉ ይጫናል፤ ግን ቁጥሩ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ አሁንም አይይዝም። ሰንጠረዡ ውስጥ ካለ ደግሞ ያለዚያም በራሱ ይጫን ነበር። ስለዚህ ለዩኤስቢ ሞደም ይህ መንገድ ብዙም አይጠቅምም።

ሞደሙ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የማይሰራ፣ ተነቅሎ ሲሰካ ግን የሚሰራ ከሆነ ድራይቨሩም ሞድስዊችም ደህና ናቸው። ችግሩ የጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነገሮች በጥድፊያ ስለሚከናወኑ ሞደሙ ሲዲነቱን ሳይለቅ ሊያልፈው ይችላል። ላፕቶፕ ተኝቶ ሲነቃም እንዲሁ ነው፤ ኃይል ተቋርጦበት ከነበረ ሞደሙ ወደ ሲዲነቱ ይመለሳል።

ከርነል ከተዘመነ በኋላ ለምን ቆመ?

ሞጁሎች ለአንድ የከርነል ስሪት የተዘጋጁ ናቸው። የሚቀመጡትም «ሊብ» ውስጥ ባለው «ሞጁልስ» ማውጫ፣ በከርነሉ ስሪት ስም በተሰየመ አቃፊ ነው። እንደ አርች ያሉ ስርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጭኑ የድሮውን አቃፊ ያነሱታል። ኮምፒውተሩ ግን ሪስታርት እስኪደረግ በድሮው ከርነል ላይ ነው። በዚያ መሃል ሞደም ብትሰኩ የሚፈለገው ሞጁል በቦታው የለም። «ዩኔም ዳሽ አር» የሚለው ትዕዛዝ አሁን የሚሰራውን ከርነል ስሪት ያሳያል። በዚያ ስም አቃፊ ከሌለ ሪስታርት ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ለሰርቨር ወይም ለክላውድ በተዘጋጁ ትናንሽ የኡቡንቱ ዓይነቶች ላይ ደግሞ እምብዛም የማይፈለጉ ድራይቨሮች «ሊኑክስ ሞጁልስ ኤክስትራ» በሚባል የተለየ ፓኬጅ ይመጣሉ። ያ ካልተጫነ ሞጁሉ ዲስክ ላይ አይኖርም።

ከአምራቹ ምንጭ አውርዳችሁ ራሳችሁ ያጠናቀራችሁት ድራይቨር ከሆነ ሌላ እንቅፋት አለ። «ሴኪዩር ቡት» (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የበራበት ኮምፒውተር ያልተፈረመ ሞጁል ላይቀበል ይችላል። ከከርነሉ ጋር የሚመጡት የተፈረሙ ስለሆኑ አይነካቸውም።

ሁሉም ይሰራል፤ ኢንተርኔት ግን የለም

ድራይቨሩ ሞደሙን ከያዘ በኋላ የሚረከበው «ሞደም ማናጀር» ነው። እሱ የሞደሙን ክፍሎች አንድ በአንድ እየጠየቀ የትኛው ትዕዛዝ እንደሚቀበል ያጣራል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ እንደሰካችሁ ወዲያው ካልታየ ትንሽ ታገሱት። ሲጨርስ ለ«ኔትወርክ ማናጀር» ያስረክባል፤ «ሞባይል ብሮድባንድ» የሚለው ምርጫ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «ኤም-ኤም-ሲ-ኤል-አይ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ከኋላው ዳሽና ትልቁን ኤል ስትጽፉ ሞደማችሁ ከተዘረዘረ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ትልቅ ፊደል የምንፈልገው እዚህ ብቻ ነው። ካልተዘረዘረ ሞደም ማናጀር መጫኑንና እየሰራ መሆኑን እዩ።

በ«ደብልዩቪዳያል» ዓይነት ፕሮግራም በእጅ የሚደውል ሰው ሁለት ነገር ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው ሞደም ማናጀር መስመሩን ይዞበት «ስራ በዝቶበታል» የሚል መልስ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ፈቃድ ማጣት ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» በሚባለው ቡድን ውስጥ መሆን አለበት።

ሲሙ ፒን የሚጠይቅ ከሆነም ግንኙነቱ ይቆማል። ስልክ ውስጥ ከትታችሁ ፒኑን ብታነሱት ይቀላል።

አንዳንድ አዳዲስ ዶንግሎች ደግሞ ሞደም መምሰል ትተዋል። የሁዋዌ «ሃይሊንክ» የሚባሉት ለኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው የሚታዩት፤ መደወሉን በውስጣቸው ራሳቸው ይሰራሉ። እነዚህ ላይ ቲቲዋይዩኤስቢ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብላችሁ ስትገቡ የሞደሙ ገጽ ከተከፈተ ከድራይቨር ጋር ያላችሁ ጉዳይ አልቋል፤ የሚቀረው ቅንብሩ እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ውስጡ ሞደም ያለው ላፕቶፕ ላላችሁ አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ሞደሞች ከፋብሪካ ተቆልፈው ይመጣሉ፤ ድራይቨሩ ቢይዛቸውም ሬዲዮአቸው አይበራም። ሞደም ማናጀር ከ1.18.4 ስሪት ጀምሮ ይህን ቁልፍ በራሱ መክፈት ትቷል። ተጠቃሚው መክፈቻውን ራሱ እንዲያነቃው ይጠበቃል።

«ሊኑክስና ሞደም አይስማሙም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

መሰረት አለው፤ ግን የድሮ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የስልክ መስመር ሞደም አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ ከሞደሙ ውስጥ ዋና ዋና ቺፖችን አወጡ። የእነሱን ስራ ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ሰጡት። «ዊንሞደም» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ያለ አምራቹ ሶፍትዌር ባዶ ቦርድ ነበሩ ማለት ይቻላል። እንደ ሉሰንት፣ ኮኔክሳንት እና ስማርት ሊንክ ላሉት የሊኑክስ ድራይቨር ቢገኝም በከፊል የተዘጋ ስለነበር ከርነል በተቀየረ ቁጥር ይበላሽ ነበር። «ሲሪያል» በሚባለው ገመድ ከውጪ የሚገናኙት ሙሉ ሞደሞች ግን ያኔም ያለ ችግር ይሰሩ ነበር። የዛሬው ዶንግል ሙሉ ሞደም ነው፤ የዚያ ዘመን ምክር ለሱ አይሰራም።

ፓኬጁን ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌለኝስ?

ሞደሙ እንዲሰራ ሞድስዊች ያስፈልጋል፤ ሞድስዊችን ለማውረድ ሞደሙ ያስፈልጋል። መውጫው ብዙ ጊዜ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩት። ስልኩ ለሊኑክስ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታያል፤ ለዚህ የሚፈለገው ድራይቨር በተለመዱት ስርጭቶች ከከርነሉ ጋር ይመጣል፣ ሞድስዊችም አይፈልግም። በዚያ መስመር ሁለቱን ፓኬጆች ጫኑ፦ ዩኤስቢ ሞድስዊችንና ዳታውን። ሞደም ማናጀርም ከሌለ አብሮ ይጫን። ሁሉም ትናንሽ ናቸው፤ ብዙ ዳታ አይበሉም።

ስልኩም ካልሆነ ፓኬጆቹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። እዚህ ላይ የስርጭቱ ስሪትና የፕሮሰሰሩ ዓይነት ከእናንተ ኮምፒውተር ጋር አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ስለሚጠራ የሚጠራቸውንም አብራችሁ አውርዱ፤ አለበለዚያ ቤት ስትደርሱ «ይህ ይጎድላል» ይላችኋል። ኡቡንቱን ወይም ሚንትን ከፍላሽ የጫነ ሰው ደግሞ ያንኑ የመጫኛ ፍላሽ መጀመሪያ ይፈትሽ። ሞድስዊች ዲስኩ ላይ ባይጫን እንኳ ከመጫኛው ፓኬጆች መካከል ሊገኝ ይችላል።

ከጫናችሁ በኋላ ሞደሙን ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ከዚያ ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢን ድገሙና የሞዴል ቁጥሩ መቀየሩን እዩ። ከተቀየረ በዳሽ ቲው ኦፕሽን መያዙን አረጋግጡ። ካልተቀየረ ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ፤ እርዳታ የምትጠይቁት ማንም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።